የፎቶ ቁልፍ ቃላትን ከኤክሴል በጅምላ ስናስገባ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚገኙ ፎቶ ቤቶች የሠርግ፣ የጥምቀትና የከተማ ፎቶዎችን በሃርድ ዲስክ ያከማቻሉ፤ ካሜራው በሰጠው ቁጥር ብቻ የተቀመጠን ፎቶ ግን ቆይቶ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ስለዚህ «ጦሳ» (ተራራው)፣ «አይጠየፍ» (አዳራሹ)፣ «ቦርከና» (ወንዙ) የመሳሰሉ ቁልፍ ቃላትን በኤክሴል አዘጋጅቶ፣ ኤክሲፍቱል በተባለው ነፃ ፕሮግራም በሁሉም ፎቶዎች ሜታዳታ (በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለ ፎቶው የሚቀመጥ መረጃ) ውስጥ በአንድ ጊዜ መጻፍ ይመረጣል። ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰንጠረዡ ነው፤ አንዳንዱም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልፋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሰንጠረዡን በተራው የሲኤስቪ (CSV) ዓይነት፣ ማለትም ኤክሲፍቱል በሚያነበው ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ መልክ፣ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ ኤክሴል የግዕዝ ፊደላትን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጣቸዋል፤ ከተቀመጠው ፋይልም መልሶ ማውጣት አይቻልም። መመረጥ ያለበት የግዕዝ ፊደላትን በሚይዘው የፊደል አመዘጋገብ (UTF-8) የሚቀመጠው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ነው፤ ዋናው የኤክሴል ፋይልም ሳይነካ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ቃላቱን ያለ በቂ መለያ መጻፍ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ «ደሴ፣ ጦሳ፣ ክረምት» ብለን ስንጽፍ እኛ ሦስት ቃላት እናያለን፤ ፕሮግራሙ ግን መለያው ምን እንደሆነ «ሴፕ» (-sep) በተባለው የትእዛዝ አማራጭ ካልተነገረው ሁሉንም እንደ አንድ ረጅም ቁልፍ ቃል ይመዘግባል። መለያው ኮማ (,) ነው ተብሎ ከታዘዘ በኋላ በሰንጠረዡ ውስጥ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ከተገኘም ውጤቱ ያው ነው። ነጠላ ሰረዙ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት በትክክል ላይተላለፍ ስለሚችል፣ በሕዋሶቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ በኮማ መተካት ይሻላል።

የዓምዱን ርዕስ ሳያስቡ መምረጥም ብዙ ያስከፍላል። ሜታዳታ በፎቶው ውስጥ ከሚጻፍባቸው ዓይነቶች መካከል «ኪወርድስ» (Keywords) የሚል ርዕስ ቃላቱን ወደ አሮጌው አይፒቲሲ (IPTC)፣ «ሰብጀክት» (Subject) የሚለው ደግሞ ወደ አዲሱ ኤክስኤምፒ (XMP) ይወስዳቸዋል። አይፒቲሲ ፊደሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተገለጸለት አማርኛን አይዝም፤ ለአንድ ቁልፍ ቃል የሚፈቅደውም 64 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ቦታው ከ21 ፊደል በላይ አይበቃም፤ «የደሴ ከተማ አይጠየፍ አዳራሽ የጥምቀት በዓል» የሚለው ሐረግ 74 ባይት በመሆኑ ጫፉ ይቆረጣል። በእኔ እምነት የአማርኛ ቃላት በኤክስኤምፒ መጻፍ አለባቸው፤ አይፒቲሲ የሚጨመረው ሌላ ፕሮግራም በግድ ሲፈልገው ብቻ ነው።

ፋይሉ በሰንጠረዡ ውስጥ የለም የሚል መልእክት ከመጣ የፎቶዎቹን አድራሻ (ፎልደርና የፋይል ስም) የሚይዘው «ሶርስፋይል» (SourceFile) የተባለው ዓምድ ይመርመር። በዚያ ዓምድ ያለው አድራሻ ፕሮግራሙ ፎቶውን ከሚጠራበት አድራሻ ጋር መግጠም አለበት፤ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ፕሮግራሙ ራሱ ዝርዝሩን እንዲያወጣ አድርጎ በዚያ ላይ መሙላት ይቀላል።

አንድን ቃል በተለያየ ፊደል መጻፍም ፍለጋውን ያበላሻል። «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት በመሆናቸው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ፎቶዎች በሁለት ስም ተከፍለው ግማሾቹ ይጠፋሉ። በዚህ ጉዳይ ቸል ማለት አይገባም፤ ከመጀመሩ በፊት የተፈቀዱት ቃላት በአንድ ገጽ ተዘርዝረው ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከዚያው ይቅዱ።

የቆዩ ቃላት ያሏቸው ፎቶዎች ካሉ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰንጠረዡን በሚያስገባው ትእዛዝ ውስጥ እኩል ምልክት ብቻ ካለ (-csv=) አዲሶቹ ቃላት የነበሩትን ይተካሉ፤ ለመጨመር ከእኩል ምልክቱ በፊት የመደመር ምልክት ይገባል (-csv+=)።

ትእዛዙን በቀጥታ በሁሉም ፎቶዎች ላይ ማስኬድ አይገባም። ጥቂት ቅጂዎችን በተለየ ፎልደር አስቀምጦ መሞከር፣ ከዚያም ቃላቱን በፕሮግራሙ መልሶ ማንበብ ይገባል። ኤክሲፍቱል የቀድሞውን ፋይል «ኦሪጅናል» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ ቦታ ቢያጣብብም ንባቡ ትክክል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይሰረዝ።