ሲሙሌተሩ ሲቆራረጥ የሚጎትተው የቱ ዕቃ ነው? በአነስተኛ በጀት ለሚገጣጠም የበረራ ኮምፒውተር ችግርና መፍትሄ

ተኩስ ጌም ለሚጫወት ሰው “ውድ ግራፊክስ ካርድ ግዛ፣ ሌላው ይደርሳል” የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለበረራ ሲሙሌተር ግን ያው ምክር ገንዘብ ያስበላል። እዚህ ብዙውን ጊዜ ወደኋላ የሚጎትተው ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የቱ እንደሚጎትት ለዩ።

መነሻ የምናደርገው ማሽን ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋ ዲዲአር4 ራም እና 1 ቴራ ኤስኤስዲ ያለው ነው። በ1080ፒ ስክሪን ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርንም ኤክስ-ፕሌን 12ንም በመካከለኛ ሴቲንግ ያስኬዳል።

ገጠር ላይ ደህና ይበርራል፣ ትልቅ ኤርፖርት ሲቃረብ ይቆራረጣል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሰዎች ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ብቻ ሲሠራ ያዩና “ፕሮሰሰሬ ነፃ ነው፣ ካርዱ ነው የደከመው” ብለው ይደመድማሉ። ቁጥሩ ያሳስታል። ራይዘን 5 5600 ባለ 12 ስሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ስለሆነ አንዱ ስሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ነው። ሲሙሌተሩ ደግሞ ዋናውን ሥራ፣ ማለትም የአይሮፕላኑን ፊዚክስ፣ የኮክፒት ሲስተሙን እና የትራፊኩን ስሌት፣ በአብዛኛው በአንድ ዋና ስሬድ ላይ ነው የሚጭነው። ሂትሮው ወይም ኒው ዮርክ ላይ ህንፃውና ትራፊኩ ሲበዛ ያ ስሬድ ይሞላል፤ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

ለማረጋገጥ ሬንደር ስኬሊንግን (ካርዱ ምስሉን የሚሥልበትን የጥራት መጠን) ከ100 ወደ 50 አውርዱ። የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚሣለው ምስል ብዛት) ካልተነሳ ጎታቹ ፕሮሰሰሩ ነው፤ በደንብ ከጨመረ ካርዱ ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ዴቨሎፐር ሞድን አብርታችሁ የኤፍፒኤስ ማሳያውን ብትከፍቱ “ሊሚትድ ባይ ሜይን ስሬድ” ወይም “ሊሚትድ ባይ ጂፒዩ” ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። ኤክስ-ፕሌን ላይ በዳታ አውትፑት ገጽ የፍሬም ሬት መስመሩን ምረጡ፤ የሲፒዩና የጂፒዩ ጊዜ ለየብቻ ይወጣል።

ጎታቹ ፕሮሰሰሩ ከሆነ በመጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሞክሩ። ቴሬይን ኤልኦዲ (የመልክዓ ምድሩ ዝርዝር እስከ ምን ርቀት እንደሚታይ የሚወስነው ሴቲንግ) 200 ከሆነ ወደ 100 አውርዱት፤ አንድ ሴቲንግ ብቻ ንኩ ብንባል የምንነካው እሱን ነው። ቀጥሎ የአየርና የመሬት ትራፊኩን ቀንሱ፣ የኮክፒት ስክሪኖቹን የመታደስ ፍጥነት አውርዱ። ከዚያ የፍሬም ቁጥሩን በ30 ገድቡት። በረራ ላይ የማይዋዥቅ 30፣ በ25 እና በ55 መካከል ከሚዘል በእጅጉ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ፕሮሰሰር ስትመርጡ ጊጋኸርትዙን ብቻ አትዩ፤ ኤል3 ካሹን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ፈጣን ሜሞሪ) እዩ። ራይዘን 5 5500 እና 5600ጂ 16 ሜጋባይት፣ 5600 ደግሞ 32 ሜጋባይት አላቸው። ስማቸው ቢቀራረብም ለዚህ ሥራ እኩል አይደሉም። ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ይዞ በዚያው ኤኤም4 ሶኬት (የማዘርቦርዱ የፕሮሰሰር ማስገቢያ) ላይ ይገባል፤ ዛሬ 5600 የሚገዛ ሰው ገበያ ላይ ካገኘው ማዘርቦርድ ሳይቀይር ነገ ወደ እሱ መሄድ ይችላል። ኤኤም4ን ለአነስተኛ በጀት የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በየጥቂት ሰከንዱ ለቅጽበት ቀጥ ይላል

እዚህ ላይ ራሙን ጠርጥሩ። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ብቻ ከተሰካ ፕሮሰሰሩ በአንድ ቻናል ነው የሚሠራው። ሁለት ባለ 8 ወይም ሁለት ባለ 16 አድርጉት። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ። ከዚያ በታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ ፍጥነቱን ተመልከቱ። 3200 ብላችሁ የገዛችሁት 2133 ወይም 2400 ካሳየ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደው ሴቲንግ) አልበራም ማለት ነው። ማብራት ነፃ ነው። መጠኑን በተመለከተ የ2020ው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር በ16 ጊጋ ይኖራል፤ ለ2024ቱ አምራቹ የሚመክረው 32 ነው።

ሲሙሌተሩ የተጫነው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነም ይኸው ምልክት ይታያል። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ለፈጣኑ ኤንቪኤምኢ ብዙ ጨምሮ መክፈል ፍሬም አይጨምርም።

ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ወደ 5 ፍሬም ይወድቃል

የካርዱ ሜሞሪ ሞልቷል። ባለ 4 ጊጋ ካርድ ላይ ቴክስቸርን አልትራ ማድረግ የሚያመጣው ይህንን ነው። ወደ ሚዲየም አውርዱ። አዲስ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ከ8 ጊጋ በታች አትውረዱ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በዋጋው ይማርካል፤ ነገር ግን 4 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ ነው ያለው። እንደ ቢ450 ባለ 3ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ሜሞሪው ሲሞላ አብዝቶ ይደክማል።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ወደ ካርዱ አዙሩት፤ ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። እሱ ካልሆነ ቢ450 ማዘርቦርድ ባዮሱ ሳይታደስ 5000 ተከታታዩን አያውቅም። ባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለው ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ይታደሳል። ከሌለው ሻጩ አድሶ እንዲያስረክባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ።

በረራው ሲጀምር ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል

የሰማያዊ ስክሪን መልእክት ሳይመጣ ከጠፋ ፓወር ሰፕላዩ ነው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ። በላዩ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ፤ ሰንጠረዡ ላይ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙ። “550 ዋት” የተባለው በ12 ቮልት 25 አምፔር ብቻ ካለው ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ የሚደርሰው 300 ዋት ነው። አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከ90 ዋት በታች ስለሚወስዱ እውነተኛ 500 ዋት ይበቃል።

ከውጭ በሻንጣ ለሚያስመጡ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከአሜሪካ ሲመጣ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩ።

መብራት ሲቋረጥ ዩፒኤስ እያለም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሁለት ምክንያት አለ። 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ከስክሪኑ ጋር ሲደመር ሊያንሰው ይችላል። ሁለተኛ፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ (የኃይል አወሳሰድን የሚያስተካክል ሰርኪዩት) ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዶቹ ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣውን የተቆራረጠ ሞገድ አይቀበሉም፤ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ይፈልጋሉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እየደከመ ይሄዳል

ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ከ85 ዲግሪ ካለፈ አቧራውን አጽዱ፣ ፔስቱን ቀይሩ፣ ከፊት አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን ጨምሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን እዚያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ካርዱ አይገባም

ቀጭኑ ሳጥን የሚቀበለው ቁመቱ አጭር (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፣ በመደበኛውም አይተካም። እንዲህ ያለውን የምትገዙ ከሆነ ትልቁን ሳጥን ምረጡ። ያለበለዚያ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ፣ 75 ዋት የሚወስድ አጭር ጂቲኤክስ 1650 ላይ ትቆማላችሁ።

መሬቱ ጭቃ መስሎ ይደበዝዛል

ዕቃ አትግዙ፤ ኢንተርኔቱ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር መልክዓ ምድሩን እየበረራችሁ ነው የሚያወርደው። የ2024ቱ በትንሹ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፣ የሚመከረው 50 ነው። ፎቶግራሜትሪን (ከፎቶ የተሠሩ የከተማ ሞዴሎችን) አጥፉ፣ ሮሊንግ ካሹን (የወረደው መልክዓ ምድር የሚቀመጥበትን ቦታ) ኤስኤስዲ ላይ አስፉ። በሞባይል ዳታ ለሚበርር ሰው ግን ኤክስ-ፕሌን 12ን እንመርጥለታለን፤ ካርታው አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እጅ ሳይነካው ወደ ጎን ያዘነብላል

ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (እንቅስቃሴውን የሚለካው ተፋታጊ ክፍል) አልቆ ወይም አቧራ ይዞ ይሆናል። ዴድዞኑን (እንቅስቃሴው የማይቆጠርበትን መሀለኛ ክልል) 5 በመቶ አድርጉ፤ ካልበቃ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል። በሆል ሴንሰር (በማግኔት) የሚሠራ ጆይስቲክ የሚፋተግ ክፍል ስለሌለው በጥቂቱ ቢወደድም ይመረጣል። በረራ መሀል የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን አጥፉና ገመዱን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ላይ ሰኩ።