ዝኩኒን በጓሮ ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ጓሮዎች የዝኩኒ ፍሬ ሲረግፍ ወይም ቅጠሉ ሲነጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸረ ተባይ መሸጫ ሱቅ ነው። አብዛኛው ችግር ግን በርጭት የሚድን አይደለም፤ አንዳንዱንም ራሱ ርጭቱ ያመጣዋል።

ዋነኛው ስህተት ጣት የምታህል ፍሬ ከጫፏ ቢጫ ሆና ስትረግፍ በሽታ ነው ብሎ መደምደም ነው። ዝኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባዎችን በአንድ ተክል ላይ ለየብቻ የሚያወጣ ሲሆን፣ ወንዴው በቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል፣ ሴቴዋ ደግሞ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ይዛ ትወጣለች። ሴቴዋ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ጠዋት ንብ የአበባ ዱቄት ካላደረሰላት ፍሬዋ አድጋ አትደርስም። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱን ሲዘንብ ንብ አይወጣም፤ በአበባ ወቅት ጸረ ተባይ የረጨ ሰው ደግሞ የሚረዱትን ንቦች ራሱ ያጠፋቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ የተከፈተ ወንዴ አበባ ቆርጦ፣ ዙሪያውን ያሉትን መልካበባዎች ልጦ፣ የቀረውን ዱቄት የያዘ ዘንግ በሴቴዋ መሐል ላይ በቀስታ ማሸት ነው። አንዱ ወንዴ ለሁለትና ለሦስት ሴቴ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንዴ አበባ ብቻ ቢታይ ግን የተለመደ ስለሆነ መታገሥ ይሻላል።

ሁለተኛው ውሃን አንድ ቀን አትረፍርፎ ሌላ ጊዜ መርሳት ነው። በዚህ ጊዜ ፍሬው በአበባው ጫፍ በኩል ጠቁሮ ይጎደጉዳል፤ ምክንያቱም ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው። የእንቁላል ቅርፊት መበተን ልማድ ቢሆንም ቅርፊቱ ለመብላላት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ አፈሩም ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ካልሲየም ሳይሆን ያልተቋረጠ እርጥበት ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ቅጠሉ ቢጠወልግም ወዲያው ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ወደ ማታ ከተቃና አልተጠማም፣ ማለዳም እንደጠወለገ ከቆየ ግን አፈሩን በጣት ቆፍሮ ማየት ይገባል።

ዩሪያ ማብዛት ሰፊ ቅጠልና ጥቂት ፍሬ ያስገኛል፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ለጓሮ ይበቃል።

ነጭ ቅጠል ሁሉ በሽታ አይደለም። በብዙ ዝርያዎች የቅጠሉን ጅማቶች ተከትሎ የሚታየው ብርማ ምልክት ተፈጥሯዊ ሲሆን በጣት ቢያሹት አይለቅም፣ ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ግን ጣትን ያነጣል። ይህ ሻጋታ ከሌሎቹ በተለየ የረጠበ ቅጠል ስለማይሻ በበጋም ይመጣል፤ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ በጊዜ መርጨት ያቀለዋል፣ በተክሎች መካከል ከ80 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር መተውም አየር እንዲገባ ይረዳል። ቅጠሉ ከተጨማደደና አረንጓዴና ቢጫ ከተዥጎረጎረ ግን ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ያስተላለፈው ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒት ስለሌለው ተክሉን ነቅሎ ማራቅ ግድ ነው።

ፍሬውን ዱባ እስኪያህል ማቆየት ለጎረቤት ማሳያ ከመሆን የዘለለ ጥቅም የለውም። ዘሩ መጎምራት ሲጀምር ተክሉ አዲስ ፍሬ መያዙን ስለሚቀንስ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መቁረጥ ያስፈልጋል።

አደገኛው ስህተት መራራ ዝኩኒን «ሲበስል ይለቀዋል» ብሎ መብላት ነው። ምሬቱን የሚያመጣው ኩከርቢታሲን የተባለ መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ሃይደንሃይም ከተማ አንድ የ79 ዓመት አዛውንት፣ በጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። አደጋው የሚጨምረው ለጌጥ ከሚተከል መራራ የዱባ ዘመድ ጋር ተዳቅሎ ከተገኘ ፍሬ የራስን ዘር አስቀርቶ ሲዘሩ ነው። መዳቀሉ የሚታየው በቀጣዩ ትውልድ ስለሆነ የዘንድሮ ፍሬ ከጎኑ ባለ ተክል ምክንያት አይመርም። ከመቀቀሉ በፊት ትንሽ ጥሬ ቁራጭ በምላስ ጫፍ መቅመስና ከመረረ ተፍቶ ፍሬውንም ተክሉንም ማስወገድ ይገባል።