ጣናን በቡድን ለማየት፦ ከባህር ዳር ተነስቶ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ

የጣና ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውኃው ላይ አይደለም፤ ገና ቡድኑ ሲደራጅ ነው። ሃያ ሰው ገንዘብ ያዋጣል፣ ግማሹ ሴት ነው፣ ጀልባው ክብራን ገብርኤል ይቆምና ወንዶቹ ወርደው ገዳሙን ይሳለማሉ፣ እኩል የከፈሉት ሴቶች ደግሞ ጀልባው ላይ ፀሐይ እየፈጃቸው ይጠብቃሉ። ክብራን ሴት እንደማይገባበት ባህር ዳር ላይ ሁሉም ያውቃል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሞጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ቡድን ግን ላያውቅ ይችላል፣ ካልጠየቀም የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ማን ማን እንደሚሄድ እወቁ። ደሴቱን የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ስህተት በአንድ ቀን ሁሉን ለማየት መነሳት ነው። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 37 ያህል ደሴቶች አሉት። የአንድ ቀን ጉዞ የሚበቃው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ቦታ ነው። አምስት ቦታ እናዞራችኋለን የሚል ሰው ካገኛችሁ በየገዳሙ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሳችሁ አስሉት። ጫማ አውልቆ፣ ተሳልሞ፣ ሥዕሉን ሳያዩ መውጣት ማለት ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ የተቀላቀለ ቡድን ሁልጊዜ የምመክረው ዘጌን ነው። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በሞተር ጀልባ ከባህር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ እንደ ሞተሩ ጉልበት ሊያንስም ይችላል። ወንድም ሴትም ይገባል። ከመውረጃው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በጫካ ቡና መሀል ትንሽ ሽቅብ ያለው የእግር መንገድ ነው፣ ጉልበታቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ካሉ ቀስ ብለው እንዲወጡ ጊዜ ያዙላቸው። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የአካባቢው ሰው መተዳደሪያ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሳ ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም ይባላል፣ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው ብለው አባቶች ያስረዳሉ። ይህን ሳትሰሙ ጫካውን ብታልፉት ዛፍ ብቻ ነው የምታዩት፣ ስለዚህ አንድ የአካባቢው አስጎብኚ ያዙ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ብዙ ጊዜ ውሰዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳና ይወጣል። እንዲያ አታድርጉ። አንዱን ግድግዳ መርጣችሁ ቁሙና የማን ታሪክ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካህኑ ወይም አስጎብኚው በዱላው እያመለከተ ሲነግራችሁ የቅዱሳኑ ገድል በተራ እንደተሳለ ትረዳላችሁ። ፍላሽ ግን አጥፉ። ዕቃ ቤቱ ክፍት ከሆነ የነገሥታት ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት ይታያሉ። ጊዜ ከተረፋችሁ እዚያው ዘጌ ላይ አዝዋ ማርያም ቅርብ ናት።

ወንዶቹ ክብራንን ሳናይ አንመለስም ካሉም መላ አለ። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፣ እዚያ ሴቶች ይገባሉ። ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ ያወርዳል፣ ወንዶቹን ክብራን ያደርሳል፣ ከዚያ ዞሮ ሁሉንም ይሰበስባል። ይሄ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ከባለጀልባው ጋር የምትነጋገሩት ነገር ነው፣ ውኃ ላይ ከሆናችሁ በኋላ ሲጠየቅ ተጨማሪ ነዳጅ ይባላል፣ ጭቅጭቅ ይመጣል። ትናንሽ ልጆች ላለው ወይም ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ቡድን ደግሞ ደብረ ማርያም ይበቃል። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

ደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ እና ዳጋ እስጢፋኖስ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ናርጋን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናት፣ ሴትም ወንድም ይገባል። ዳጋ ለወንድ ብቻ ነው፤ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያለው እዚያ ነው። ሁለቱም ከባህር ዳር በጀልባ ወደ ሦስት ሰዓት ያስኬዳሉ፣ መመለሻውም ያው ነው። አቅምና ጊዜ ያለው፣ ጠንካራ ሰዎች ብቻ የያዘ ትንሽ ቡድን ይሂድ። ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን አትደባልቁት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀልባው መንቀሳቀስ አለበት። ይህ ማለት ሰው 12 ሰዓት ተኩል ወደቡ ላይ ይገኛል ማለት ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ ደግሞ ማታውኑ ባህር ዳር ገብቶ ያድራል። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል፣ ውኃውም እየተረጨ ያበሰብሳችኋል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ቡድን ዘጌን በደንብ አይቶ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ይመለሳል። 4 ሰዓት የተነሳው ደግሞ መመለሻው ላይ እናቶች «ድንግል ማርያም» እያሉ ነው የሚገቡት። የሚያረፍድ ሰው በየቡድኑ አለ፤ ስንት ሰዓት ድረስ እንደምትጠብቁትና ከዚያ በኋላ ጥላችሁት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፉት፣ ያኔ ቅሬታ አይኖርም።

ከወራቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ አልፎ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ሐይቁም ሞልቷል። ክረምት ላይ ዝናብና ወጀብ ድንገት ስለሚመጣ ብዙ ሰው ይዞ መውጣት ይከብዳል። ቀኑን ስትቆርጡ የጾሙንም ጉዳይ አስቡ፤ በአጽዋማት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፣ እሑድ ጠዋት ከሄዳችሁ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ትደርሳላችሁና ወይ አስቀድሱ ወይ ሌላ ቀን ያዙ። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ዑራ በሕዝብ ይሞላል። ለመሳለም የሚሄድ ደስ ይለዋል፣ ሥዕል ላይ ቆሜ ልይ የሚል ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከመነሳታችሁ ቀን በፊት የመንገዱንም የሐይቁንም ሁኔታ እዚያው ካሉ ሰዎች ጠይቁ። መንገድ የማይመች ከሆነ ጉዞው ይቆያል፤ ቀብዱ ለሌላ ቀን እንዲዞርላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ የሚለውን ለዩ። ለቡድን በጀልባ ይሻላል። ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፦ ነዳጁ ዋጋው ውስጥ ነው ወይ? ባለጀልባው በየቦታው ስንት ሰዓት ይጠብቀናል? የአስጎብኚውንስ ክፍያ ያካትታል ወይ? የገዳማቱ መግቢያ ሁልጊዜ ለብቻ ነው፣ በየገዳሙ ይከፈላል፣ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋም ይለያያል፣ ቪዲዮ ካሜራ ይዞ ለሚገባ ደግሞ ሌላ ክፍያ ሊኖር ይችላል። ዝርዝር ብር ያዙ። ደሴት ላይ ቴሌብርን ተማምኖ መሄድ አያዋጣም። ስምምነቱን በሁለት መስመር ጻፉና ለባለጀልባው በስልክ ላኩለት፣ ግማሹን ቀብድ ስጡና ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ።

ላይፍ ጃኬት ላይ ምንም ድርድር የለም። በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን ማታውኑ በዓይናችሁ እዩ፤ ለልጆች የሚሆን መጠን መኖሩንም። ወደቡ ላይ «አለ አለ» ይባላል፣ ሲቆጠር ግን ይጎድላል። የጎደለ ከሆነ ወይ ሌላ ጀልባ ያዙ ወይ ሰው ቀንሱ። ደግሞም ጃኬቱ መቀመጫ ሥር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው፣ ይለበስ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ። እኛ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። የሐይቁ ጥልቀት ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥም ተብሎ መናቅ አይገባም፣ ለማይዋኝ ሰው ሁለት ሜትርም ይበቃል። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ሰው አታሳፍሩ። ፎቶ ለመነሳት ሁሉም በአንድ ወገን አይነሳ።

የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ከኋላ ይቀመጡ፣ የጀልባው ፊት ነው በጣም የሚዘለው። ባዶ ሆድም ከመጠን በላይ ጠግቦም መሄድ አይመችም። ስልካችሁን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሉት። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ነፋሱ ቢያቀዘቅዛችሁም ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ኮፍያ፣ ሻሽ፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ። ጠዋት ደግሞ ይበርዳል፣ ጋቢ ወይም ጃኬት አይቅር።

ምግቡን ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና በቂ ውኃ ይበቃል፤ የጾም ቀን ከሆነ ሰውን እንዳያስቸግር ሁሉንም ጾም አድርጉት። ዓሣው ስትመለሱ ባህር ዳር ይጠብቃችኋል። ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የጣና ናቸው፣ እኔ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በሎሚና በሚጥሚጣ ነው የምወደው። የላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ሐይቁ ላይም ገዳሙ ላይም አይጣል። አንድ ማዳበሪያ ያዙ፣ አንድ ሰው ኃላፊነት ይውሰድ፣ ቆሻሻው ባህር ዳር ይራገፍ። ጣና እምቦጩ አልበቃው ብሎ የእኛ ፌስታል ሊጨመርበት አይገባም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ የተመዘገበ ሐይቅ ነው።

ገዳም ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚወልቅ፣ ግን ለእግር መንገድ የሚሆን ጫማ አድርጉ። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይልበሱ፣ ወንዶችም ቁምጣ አይልበሱ። ሙዚቃ እየጮኸ ወደ ገዳም መቅረብ ነውር ነው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ስፒከሩ ይዘጋ። መነኮሳቱን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

ስለ ዋና የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ወጣቶች። ዛንዚባር ላይ ሰዎች ማስክ አድርገው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ይዘው ኮራልና ባለቀለም ዓሣ ሲያዩ በቪዲዮ አይተው ጣና ላይ እንሞክረው የሚሉ አሉ። አይሆንም። ኮራል የጨው ባሕር ነገር ነው፣ ጣና ደግሞ ጨው አልባ ውኃ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ስለሚገቡበትም ደፍርሷል፣ ብትጠልቁ እጃችሁንም በቅጡ አታዩም። ዋናው ምክንያት ግን ቢልሃርዝያ ነው። በሐይቁ ዳርቻ፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ጥገኛ ተውሳኩ ይኖራል፣ በቆዳ በኩል ይገባል፣ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ሰው አያውቀውም። ልጆች ዳር ላይ እግራቸውን እንዳይነክሩ ጠብቋቸው። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ካለ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካየ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣና ገብቼ ነበር ብሎ ይመርመር፣ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ቡድን ስትመለሱ ወደ ዓባይ መውጫ አቅጣጫ እንዲዞርላችሁ ባለጀልባውን ጠይቁ፣ ይህንንም ከዋጋው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁልጊዜ አይታዩም። ከታዩ ሞተሩ ይቀንስ፣ ጀልባው ይራቅ፣ ማንም ድንጋይ አይወርውር፣ አይጩህ። ጉማሬ የተናደደ እንደሆነ ጀልባ ይገለብጣል፣ ግልገል ያላት ደግሞ የበለጠ ትቆጣለች። ወንዙ ዳር በደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ይታያሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ዘርግተው ከሆነ ባለጀልባው እንዲዞርላቸው ንገሩት።

ወደቡ ላይ ስትወርዱ ሰዉን ቁጠሩ። ቀሪውን ክፍያ ለባለጀልባው ስጡና የዚያኑ ዕለት ማታ የገባውንና የወጣውን ብር ግሩፑ ላይ አስቀምጡ፤ የተረፈ ካለ ለየሰዉ ይመለስ ወይ ለሚቀጥለው የናርጋ ጉዞ ይቀመጥ ብላችሁ እዚያው ወስኑ።