ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱ

«ጌም ለመጫወት የትኛው ካርድ ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምመልስለት በጥያቄ ነው፦ ፓወር ሰፕላይህ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ስንት ዋት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ብር ጌሚንግ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ልጅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቢሮ ከወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ጥሩ መነሻ ነው፣ እኔም እመክራለሁ። ግን ማሽኑ የተሠራው ለኤክሴልና ለደብዳቤ ነው፤ ትልቅ ካርድ ይገባበታል ብሎ ያሰበ የለም።

ስለዚህ ክዳኑን ፍቱና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ለምሳሌ የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወሩ 290 ዋት ነው። ቀጥሎ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ መኖሩን እዩ። ከሌለ ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ነው፤ የዚያ ጣሪያው 75 ዋት ነው። «ችግር የለውም፣ ከሳታ የሚቀይር ገመድ አለ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እባካችሁ እሺ አትበሉ። ለሃርድ ዲስክ ኃይል የሚሰጠው የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ሲጎተት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ገመዱ ለሌላችሁ የእኔ ምርጫ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ሜሞሪው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 70 ዋት ይበቃዋል። እዚህ ላይ ግን ንቁ፦ ባለ 8 ጊጋው 3050 በ130 ዋት የሚሠራ ሌላ ካርድ ነው፣ ገመድ ይፈልጋል። ሻጩ «3050 ነው» ሲላችሁ ስንት ጊጋ እንደሆነ ጠይቁ፣ ጎኑን አዙራችሁም መሰኪያ እንደሌለው በዓይናችሁ እዩ። ኬዛችሁ ቀጭኑ ከሆነ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ቁመቱ ዝቅ ያለው ካርድ ያስፈልጋችኋል። ብሩ ካልደረሰ የኃይል መሰኪያ የሌለው ጂቲኤክስ 1650 ለፊፋ፣ ለጂቲኤ 5 እና ለቫሎራንት ይበቃል፤ 4 ጊጋው ግን ለአዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ጠባብ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አልመክርም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝባቸው መስመሮች አራት ብቻ ስለሆኑ ፒሲአይ 3 በሚባለው አሮጌ የካርድ መሰኪያ ላይ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል።

ደህና ፓወር ሰፕላይ ላላችሁ፣ ማለትም 450 ዋትና ከዚያ በላይ፣ አርኤክስ 6600 ውሰዱ። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይወስዳል፣ በ1080 ሞኒተር ብዙ ጌም በከፍተኛ ሴቲንግ ያጫውታል። ለጌም ብቻ ከሆነ ለብሩ ከዚህ የተሻለ ብዙ አላይም። የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ግን ጨምራችሁ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውን ግዙ። የሥራ ፕሮግራሞቹ እንደ 3060 ካሉ የኤንቪዲያ ካርዶች ጋር ይበልጥ ይስማማሉ። ካርዱ 170 ዋት ስለሚወስድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አዘጋጁለት። ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ከሆነ ከዚህ በላይ ለካርድ ከማውጣት ኤስኤስዲና ራም ጨምሩ።

ያገለገለ ስትገዙ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረት (ማይኒንግ) ሲያቆም ለዓመታት ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች ገበያውን ሞሉት። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑና ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስቱ ተቀይሮለት በርካሽ ከተገኘ ያገለግላል። የሚያሳዝነኝ ስሙ የተቀየረው ነው። የድሮ ካርድ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ «1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል፣ ልጁም ያጠራቀመውን ብር ይከስራል። መፍትሔው ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ካርዱ የውሸት ከሆነ ብዙ ጊዜ በግልጽ ጽፎ ያሳያል። አርኤክስ 580 ከሆነ ደግሞ የሼደር (በካርዱ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማስሊያዎች) ቁጥሩን እዩ፦ ሙሉው 2304 ነው፤ 2048 ካለ ደከም ያለው ስሪት ስለሆነ ዋጋው መውረድ አለበት።

ከዚያ ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ሱቁ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል አስኪዱ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከመጣ፣ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ፣ ወይም ፋኑ ከተንኳኳ ካርዱን መልሱ። ሻጩ መሞከር ከከለከላችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የካርዱን ሲሪያል ቁጥርና እስከ መቼ መመለስ እንደምትችሉ አስጽፉ።