ከጣና ወደ ቀይ ባሕር፦ ለትምህርት የሚወጣ የባሕር ዳር ልጅ ስኖርክሊንግ ሲሞክር የሚሠራቸው ስህተቶች

ከተማችን ባሕር ዳር ትባል እንጂ ባሕር የላትም። ይህ በደንብ የገባኝ ዓባይን ተከትዬ ለትምህርት ግብፅ ወርጄ፣ የክፍል ጓደኞቼ በእረፍት ቀን ቀይ ባሕር ሲወስዱኝ ነው። ስኖርክሊንግ ማለት ጭንብል አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ በደረት ተንሳፍፎ የውኃውን ውስጥ ማየት ነው። ቀላል ይመስላል። ዘንድሮ ለትምህርት የሚወጡ የሰፈር ልጆች ሲጠይቁኝ የምዘረዝርላቸው የራሴን ጥፋት ነው።

«የጣና ልጅ ነኝ» ብሎ መመካት። ሌላው ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው። በሐይቁ ዳር ያደገ ሰው ውኃ አይፈራም፤ ነገር ግን የውኃ ውስጥ አይቶ አያውቅም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ተሸክመው ስለሚገቡ ጣና ደፍራሽ ነው፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ቀይ ባሕር ላይ ግን ድንጋይ ከሚመስለው የባሕር ኮራል ጠርዝ እንዳለፍኩ ከሥሬ ሰማያዊ ገደል ተከፈተ። ጢስ ዓባይ አፋፍ ላይ የተንጠለጠልኩ መሰለኝ። ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ጨው ውኃም ጋትኩ። በቱቦ መተንፈስን፣ ውኃ ሲገባበትም በኃይል «ፉ» ብሎ ማስወጣትን አስቀድማችሁ ተለማመዱ። የነፍስ አድን ጃኬት መልበስም አያሳፍርም። ልምምዱን ግን ጣና ውስጥ አታድርጉት፤ ቢልሃርዚያ አለ። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይበቃል።

ኮራል ላይ መቆም። ደክሞኝ የቆምኩበት «ድንጋይ» ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሠሩት አካል ኖሯል። በአንድ እርግጫ የተሰበረው ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል። እግርንም ይቆርጣል፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣም በዚያው አካባቢ ይኖራል። ሲደክማችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፤ ጨዋማ ውኃ ከጣና ይልቅ ሰው ያንሳፍፋል።

ኤሊ ማሳደድ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ጉማሬ ሲታይ «ጠጋ በልልኝ» የሚል የአገሬ ሰው አላየሁም። የባሕር ኤሊ ግን ስለማትናከስ ይመስለኛል፣ ሁሉም ይከተላታል፤ እኔም ተከትያለሁ። ኤሊ የምትተነፍሰው አየር ነው። መውጫዋ ላይ ሰው ካንዣበበባት አየር ሳትስብ ተመልሳ ትጠልቃለች። ቦታ ይዛችሁ ዝም በሉ፤ አንዳንዴ ራሷ በአጠገባችሁ ታልፋለች። ስትመጣም አትደንግጡ፤ በጭንብል ሲታይ ሁሉ ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ ቀርቦም ነው የሚታየው።

ትንፋሽ ይዞ ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ይህን እንኳ እኔ አልሠራሁትም። እንዲህ ሲደረግ ኦክስጅን ብዙም አይጨምርም፤ «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ስለሚቀንስ ሰው ሳይታወቀው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

ሳይጠይቁ፣ ብቻን መግባት። ጣና ላይ ነፋስ የሚነሳበትን ሰዓት ታንኳ ቀዛፊውን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ እዚያም የውኃው ፍሰት ወዴት እንደሚወስድ የባሕሩን ሰው ጠይቁ።

ጀርባን መርሳት። ውኃው ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐይዋ ስታቃጥል አይታወቅም። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። እኔ በማግስቱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ወንበሬን ሳልደገፍ ተቀመጥኩ፤ መምህሩ «ዛሬ በጣም ንቁ ነህ» አለኝ።