የፋብሪካ ማቀዝቀዣን የጋዝ ሊክ (የጋዝ መፍሰስ) እንዴት መፈተሽ፣ መጠገንና በሕጉ መሠረት መመዝገብ ይቻላል?

በትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ላይ ሕጉ የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ የትኛው ጋዝ፣ ስንት ኪሎ አለ? ይህ ካልታወቀ በየስንት ጊዜው መፈተሽ እንዳለበትም ሆነ በዓመት ምን ያህል እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም። በብዙ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚሠሩት ኤችኤፍሲ የሚባሉት ጋዞች ኦዞንን ባይጎዱም ኃይለኛ ሙቀት አማቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የጸደቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (ኦዞንን ለመጠበቅ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማሻሻያም ምርታቸውና ፍጆታቸው ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ያስገድዳል። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ እዚህ ለምሳሌ የምንጠቅሰው የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ 2024/573 ነው።

1. ጋዙንና መጠኑን ይወቁ

የማሽኑን የስም ሰሌዳ ያንብቡ። ረጅም ቱቦ ተዘርግቶለት እዚያው በተገጣጠመ ሲስተም ላይ ግን ሰሌዳው ብዙ ጊዜ መጠኑን አይናገርም፤ ያኔ ሥራ ሲጀምር በሚዛን የተሞላበትን መዝገብ ይፈልጉ። እሱም ከሌለ በሚቀጥለው ትልቅ ጥገና ጋዙን በሪከቨሪ ማሽን (ጋዙን ስቦ ወደ ሲሊንደር በሚያስገባ መሣሪያ) አውጥተው ይመዝኑ። ሲሊንደሩን ከ80 በመቶ በላይ አይሙሉ፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ሲሊንደሩ ሊፈነዳ ይችላል። ሊክ ከነበረ የወጣው ጋዝ የተረፈው ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ሙሉ መጠን የሚመዘገበው ከጥገና በኋላ ተመዝኖ የገባው ነው።

2. ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይቀይሩ

ኪሎውን በጋዙ የሙቀት አማቂነት ቁጥር፣ ማለትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ እንደሚያሞቅ በሚያሳየው ቁጥር ያባዙ፤ ለአር-404ኤ 3922፣ ለአር-134ኤ 1430፣ ለአር-449ኤ 1397 ነው። 40 ኪሎ አር-404ኤ ማለት 156,880 ኪሎ ወይም 156.9 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ነው። በአውሮፓው ደንብ ከ5 ቶን እስከ 50 ቶን በየ12 ወሩ፣ ከ50 እስከ 500 ቶን በየ6 ወሩ፣ 500 ቶንና ከዚያ በላይ በየ3 ወሩ ይፈተሻል። ቋሚ የሊክ ጠቋሚ የተገጠመለት ሲስተም ጊዜው በእጥፍ ይረዝምለታል፤ ከ500 ቶን ጀምሮ ግን ጠቋሚው ራሱ ግዴታ ነው። በአር-404ኤ 500 ቶን የሚሞላው በ127.5 ኪሎ ብቻ ነው።

3. ሊኩን ይፈልጉ

ትልቅ ሪሲቨር (ፈሳሽ ጋዝ የሚጠራቀምበት ታንክ) ያለው ሲስተም ብዙ ኪሎ እስኪያጣ ድረስ በደንብ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ቅዝቃዜው እስኪቀንስ አይጠብቁ፤ የሪሲቨሩን የፈሳሽ ከፍታ በተመሳሳይ የሥራ ሁኔታ እየለኩ ይመዝግቡ።

ሳይት ግላስ (ፈሳሹ የሚታይበት የቱቦ መስታወት) ላይ አረፋ ታየ ተብሎ ጋዝ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ከፊልተር ድራየሩ (እርጥበትና ቆሻሻ ከሚይዘው ማጣሪያ) በፊትና በኋላ የቱቦውን ሙቀት ይለኩ። መውጫው ከመግቢያው በግልጽ ከቀዘቀዘ ድራየሩ ተደፍኗል፤ ጋዙ ላይጎድል ይችላል።

ፍተሻውን ሲጀምሩ ፋኖቹን ያጥፉ፣ አለዚያ ጋዙ ይበተናል። የኤሌክትሮኒክ ጠቋሚውን ጫፍ በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እያስኬዱ ከመገጣጠሚያው ሥር ይዙሩ፤ እነዚህ ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ ወደታች ይወርዳሉ። ጠቋሚው የጮኸበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ያረጋግጡ። ካፕ የሌለው ሽራደር ቫልቭ (የመለኪያና የመሙያ ቀዳዳ)፣ የፍሌር ማሰሪያዎች (አፉ በተከፈተ ቱቦ ላይ በብሎን የሚጠብቁ)፣ የክፍት ኮምፕሬሰር ሻፍት ሲል (የሚሽከረከረው ዘንግ መድፈኛ)፣ የሴፍቲ ቫልቭ መውጫ አይታለፉ። ከሁሉ በላይ ወደ ፕሬዠር ስዊች (በግፊት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሄዱትን ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ይመልከቱ። በንዝረት ከብረቱ ፍሬም ጋር ሲፋተጉ ግድግዳቸው ይሳሳና ይበሳል፤ ቦታው ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ ይታያል። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ እዚያው አጠገብ ይፈልጉ።

4. ይጠግኑ፣ ይፈትኑ፣ ይሙሉ

ሊክ ሳይዘጋ ጋዝ መጨመር ጥገና አይደለም፤ በብዙ አገርም ክልክል ነው። የሚሠራበትን ክፍል ጋዝ ወደ ሪሲቨር ወይም ወደ ሲሊንደር ይሰብስቡ፣ አየር ላይ አይልቀቁ። ሲበየድ ቱቦው ውስጥ በቀስታ ናይትሮጅን ይለፍ፤ አለዚያ ውስጡ የሚፈጠረው ጥቁር ቅርፊት ኤክስፓንሽን ቫልቩን (ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባውን ፈሳሽ የሚመጥነውን ቫልቭ) ይደፍናል።

ከዚያ በደረቅ ናይትሮጅን፣ በሬጉሌተር፣ ሰሌዳው ከሚፈቅደው ግፊት ሳያልፉ ይፈትኑ። ኦክስጅን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ግፊቱን ከሙቀቱ ጋር አብረው ይጻፉ። ከ20 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የ20 ባር ግፊት ያለምንም ሊክ በ0.7 ባር ገደማ ይቀንሳል፤ ይህን ያላሰበ የሌለ ሊክ ሲፈልግ ይውላል።

ፊልተር ድራየሩን ቀይረው ከ500 ማይክሮን (በጣም ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ) በታች ቫኪዩም ያድርጉ፤ ከዚያ ፓምፑን ዘግተው ይጠብቁ። ንባቡ ሳያቋርጥ ከወጣ ሊክ አለ፤ ትንሽ ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል። እንደ አር-404ኤ ያሉ ድብልቅ ጋዞች ከሲሊንደሩ የሚወጡት በፈሳሽ መልክ፣ በሚዛን ነው። በእንፋሎት ከተሞሉ የድብልቁ ምጣኔ ይዛባል።

5. ይመዝግቡ

ቀኑን፣ የተጨመረውንና የወጣውን ኪሎ፣ ጋዙ አዲስ ይሁን ተጣርቶ የተመለሰ፣ ሊኩ የተገኘበትን ቦታ፣ የቴክኒሻኑን ስምና የብቃት ማረጋገጫ ቁጥር ይጻፉ። በአውሮፓው ደንብ የተጠገነው ቦታ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና ይፈተሻል፤ መዝገቡም ለ5 ዓመት ይቀመጣል። በዓመት የተጨመረውን ለሙሉ መጠኑ አካፍለው በ100 ያባዙ። ከ40 ኪሎ 6 ኪሎ ከተጨመረ 15 በመቶ ነው፤ ይህ 23.5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ እንደመልቀቅ ስለሆነ ችላ የሚባል አይደለም።

6. ጋዝ ከተቀየረ

በአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሙቀት አማቂነት ቁጥሩ 2500ና ከዚያ በላይ የሆነ አዲስ ጋዝ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለማቀዝቀዣ ጥገና አይውልም፤ አር-404ኤም በዚህ ውስጥ ነው። ወደ አር-449ኤ ሲቀየር ያረጁ የላስቲክ ሲሎችን አብረው ይቀይሩ፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩን እንደገና ያስተካክሉ። 40 ኪሎው አሁን 55.9 ቶን ይሆናል፤ ስለዚህ የ6 ወሩ ፍተሻ አይቀርም። በዚያው ቀን አሮጌውን መለያ አንስተው የአዲሱን ጋዝ ስም፣ ኪሎና የቶን አቻ የያዘ ይለጥፉ፤ አሮጌው ከቀረ ቀጣዩ ቴክኒሻን ሌላ ጋዝ ይቀላቅልበታል።