ከሽንሌ ሜዳ እስከ ባቢሌ ዓለቶች፦ የአምስት ቀን የተራራ ብስክሌት ጉዞ አዘገጃጀት

ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ሻይ ሳያምረው ይደርሳል። ርቀቱን ብቻ የሰማ ብስክሌተኛ ታዲያ «ግማሽ ቀን ይበቃኛል» ብሎ ይነሣል፤ ከዚያም ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደንገጎ ዳገት መካከል ውሃው አልቆ፣ ብስክሌቱን ግንብ አስደግፎ፣ የሚያልፈውን አይሱዙ ሁሉ በእጁ ሲለምን ይገኛል። ይህንን የምጽፈው አንድ ጊዜ እኔም እንደዚያ ቆሜ ስለነበር ነው። በዚህ አካባቢ የብስክሌት ጉዞ የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በውሃ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የምመክረው መንገድ አምስት ቀን የሚወስድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ መመለስ፤ በሁለተኛው ደንገጎን ወጥቶ ሐሮማያ ማደር፤ በሦስተኛው በአወዳይ በኩል ሐረር መግባት፤ በአራተኛው የኤረርን ሸለቆ ተሻግሮ ባቢሌ መድረስ፤ በአምስተኛው የዳኬታን ሸለቆ ዓለቶች አይቶ መመለስ ነው። በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም የሚያልፍ መንገድ የለውም። ይህ ያነሰበት ብርቱ ጋላቢ የመጀመሪያውን ቀን ለመዝለል ይፈተናል፤ እኔ ግን አምስቱንም ቀናት የሚያድነው እርሱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለጉዞው የሚስማማው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከላብ ወደ ብርድ መሻገር ግድ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቆላው ሙቀት ከሰው አቅም በላይ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በደጋው የዘነበው ዝናብ በቆላው ደረቅ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ከራስዎ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በከተማው መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደ ወሰደ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ በየትኛውም ወር ቢሆን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ድንኳን አይትከሉ፤ ለምሳ እንኳ ቢሆን ዳር ወጥተው ይቀመጡ።

ብስክሌቱን በተመለከተ ውድ መሆኑ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ማርሹና ጎማው ግን ያመጣሉ። የፊቱ ጥርስ 32 ከሆነ የኋላው ትልቁ ጥርስ ቢያንስ 46 መሆን አለበት፤ ዕቃ ተጭኖ ደንገጎን በከባድ ማርሽ መውጣት ጉልበትን ይጎዳል። የጎማው ስፋት ከ2.2 ኢንች ባያንስ ይመረጣል። ካቴናው፣ ፍሬኑና ብሎኖቹ ከጉዞው በፊት በሚያውቁት ሠራተኛ ይታዩ፤ የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ብረት ግን ትርፍ ይያዙ፤ ብስክሌት ሲወድቅ መጀመሪያ የምትታጠፈው እርሷ ናት፣ በመንገድ ላይ በሚያገኙት ጎሚስታም ቤት አትገኝም።

የዚህ አገር እውነተኛ ፈተና እሾህ ነው። የግራሩና ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ቁጥቋጦ እሾህ ጎማን እንደ መርፌ ይበሳል፤ መንገዱን ለቆ ወደ ጥላ የገባ ብስክሌት ደግሞ አንድ እሾህ ይዞ አይወጣም፣ አራትና አምስት ይዞ ነው የሚወጣው። ከመነዳሪ የሌለው፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የተሞላ ጎማ ካለዎት ከጭንቀቱ ብዙውን ይገላገላሉ። ከሌለዎት ሦስት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና የእጅ መንፊያ ይያዙ። እኔ ሽንሌ አጠገብ የመጀመሪያው ከመነዳሪ ሲተነፍስ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳልሄድ እርሱም ተነፈሰ። ሦስተኛውን ልከት ስል ግመል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ጎማውን ከእጄ ወስዶ በውስጥ በኩል በጥፍሩ እየዳሰሰ ዞረና፣ ከጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ጫፏ ብቻ ብቅ ያለች እሾህ በጥርሱ ነቅሎ ሰጠኝ። የውጪዋ ጉቶ ተሰብራ ስለቀረች በዓይን አትታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመነዳሪ ከመለወጤ በፊት አንድ አሮጌ ካልሲ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን እጎትታለሁ፤ እሾህ ባለበት ቦታ ክሩ ይያዛል፣ ጣትም አይወጋም።

የጎማው ንፋስም እንደ መንገዱ ይለወጣል። በአስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፤ አሸዋ ላይ ሲገቡ ወደ 25 ዝቅ ቢያደርጉት ጎማው ይሰፋና ከመስመጥ ይድናል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ግን ከዚያ በታች ከወረደ በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ መንፋት አይርሱ፤ ለስላሳ ጎማ ዳገት ላይ እንደ ጭቃ ይይዛል።

ውሃን በሚመለከት ስሌቱ ቀላል ነው። በደጋው ቅዝቃዜ በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በቆላው ሙቀት በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ይታሰባል፤ በዚያ ላይ ሁለት ሊትር መጠባበቂያ ይጨመራል። አራት ሰዓት የሚፈጅ የቆላ ጉዞ ስድስት ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ስድስት ኪሎ ነው። ይህንን ክብደት በጀርባ መሸከም ወገብን ይጨርሳል፤ በፍሬሙ መካከል ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይሻላል። ውሃ ብቻ መጠጣትም በቂ አይደለም፤ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ በፋርማሲ በከረጢት የሚሸጠውን ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ በየመካከሉ መጠጣት ያስፈልጋል። ለስንቅ ከበሶና ከቴምር የተሻለ አላገኘሁም፤ በታሸገ የውጪ ብስኩት ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይገርመኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና በሙቀት ውስጥ የብርድ ስሜት ከመጡ ጉዞው በዚያው ይቁም፣ ጥላ ይፈለግ፣ ልብስ ይረጠብ። የጓደኛዎ ንግግር ከተዘባረቀ ግን በእረፍት የሚያልፍ ነገር አይደለምና እያቀዘቀዙ በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሁለት ቃላትም ይያዙ፤ ውሃ በሶማልኛ «ቢዮ»፣ በኦሮምኛ «ቢሻን» ይባላል።

ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን ወረዳ የጸጥታ ሁኔታ ከአስተዳደሩና ከመንገዱ ሾፌሮች ይጠይቁ፤ የሁለቱም ቃል ካልተስማማ የሾፌሮቹን ይመኑ። ኬላ ሊያጋጥም ስለሚችል መታወቂያ ከሻንጣ ሥር አይቀበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ሽንሌ ከከተማው በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉ ዕቃዎን ጭነው ይነሡ፣ ሜዳው ላይ በአሸዋውም በጠጠሩም ይንዱ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ከተማ ይመለሱ። የዚህ ቀን ዓላማ የበረሃውን መልክ ማየት ብቻ አይደለም። የታሰረው ሻንጣ የሚላላው፣ መቀመጫው የሚቆረቁረው፣ ከሚያስፈልገው በላይ የታሸገው ልብስ የሚያናድደው በዚህ ቀን ነው፤ ሁሉም ደግሞ ማታ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ሊስተካከል ይችላል። በማግሥቱ ዳገት ላይ ቢታወቅ ግን መመለሻ የለውም። እኔ በዚህ ቀን አመሻሽ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ያህል ዕቃ ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰው ዘንድ አስቀምጣለሁ።

የሁለተኛው ቀን ደንገጎ ነው። መንገዱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚሆን ከፍታ ይወጣል፤ ዕቃ የጫነ ሰው በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ከሄደ መልካም ሄዷል፤ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጀንበር ሳትወጣ መጀመር ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ድንጋዩን ስትመታ ገደሉ ራሱ እንደ ምጣድ ይግላልና። ከታች ሲጀምሩ ያለ ችኮላ፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መሄድ በሚያስችል አካሄድ ይሂዱ፤ ትንፋሽዎ ንግግር ካቋረጠ ማርሽ ይቀንሱ። በየአርባ ደቂቃው አምስት ደቂቃ ይቁሙ፤ መቆሚያው ግን ከመጠምዘዣው በላይ፣ ሾፌር ከሩቅ የሚያይዎት ቦታ ይሁን። በዚህ መንገድ ላይ የሚያስፈራው ገደሉ ሳይሆን ጫት የጫነው መኪና ነው፤ ጫት ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት ሾፌሩ ለማንም አያዝንም። ጥሩንባ ከሰሙ አይከራከሩ፤ አስፋልቱን ለቀው ይቁሙ። አንድ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «አቦ! ዳር ያዝ እንጂ!» ብሎ ጮኾብኛል፤ ስድብ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር፣ ቀጥሎ የመጣውን መኪና ፍጥነት ሳይ ግን አመሰገንሁት።

ደንገጎ ላይ ሲደርሱ ላብዎ ሳይደርቅ የነፋስ መከላከያ ይልበሱ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሮማያ ያለው መንገድ ከፍ ዝቅ የሚል የእርሻ አገር ነው፤ ለዓመታት ደርቆ ኖሮ በቅርብ ዓመታት ውሃው የተመለሰለት የሐሮማያ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ለደከመ እግር ትልቅ ስጦታ ነው። ሌሊቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ጃኬት ያስለብሳል።

ሦስተኛው ቀን አጭር ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ስለሆነች ከሰውና ከመኪና ብዛት የተነሣ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ይሻላል። ሐረር ከገቡ በኋላ ብስክሌቱን ማደሪያ አስቀምጠው በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ በእግር ይዙሩ፤ በጠባቡ የግንብ መተላለፊያ ውስጥ መንዳት ለነዋሪውም ለእርስዎም አይመችም። ሁልበት መረቅ ያግኙ፣ ለመንገድ ሐልዋ ይግዙ። ከግንቡ ውጪ ድንኳን መትከል ግን አይታሰብ፤ ሐረር ላይ ጅብ የሚመጣው ለትርኢት ብቻ አይደለም፣ የቆዳ መቀመጫና የላብ ጨው የጠጣ ጓንት ደግሞ ይወዳል።

በአራተኛው ቀን መንገዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ተመልሶ ይመጣል። ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ዳገት መሆኑን የማያውቅ ሰው ሸለቆው ውስጥ ውሃውን ይጨርሳል። ሦስት ሊትር ሳይነካ ከሸለቆው መውጣት ይገባል። ባቢሌ የለውዝ አገር ነው፤ ትኩስ የተቆላ ለውዝ ገዝተው ኪስዎን ይሙሉ፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠውን የግመል ወተት ግን ሆድዎ ካልለመደው ብስክሌት ላይ ሆነው አይሞክሩት። ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ ቀን ስለሆነ ጉዞውን ከዚያ ጋር ማገጣጠም ይቻላል።

ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄዱ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ፣ በነፋስ ሊወድቁ የሚመስሉ ዓለቶች ይጀምራሉ፤ ይህ የዳኬታ ሸለቆ ነው። በማለዳ ሄደው በ3 ሰዓት ቢመለሱ መልካም ነው። ወደ ደቡብ በሚዘረጋው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ግን ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) በብስክሌት መግባት የለብዎትም፤ ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ዝሆኑ አጠገቡ እስኪደርሱ መምጣትዎን አይሰማም፣ የሚደነግጥ ዝሆን ደግሞ ሁልጊዜ አይሸሽም።

ለመመለሻ ብስክሌቱን እስከ ደንገጎ በመኪና ጭኖ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ መውረድ የተለመደ ነው። ይህ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል። ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግላል፤ ከመጠምዘዣው በፊት የፊቱንና የኋላውን አጠንክሮ ይዞ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ማስተንፈስ ይሻላል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም የፍሬኑ እጀታ ወደ መሪው እየቀረበ ከሄደ ቆመው አሥራ አምስት ደቂቃ ያቀዝቅዙት፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ያጣምመዋል። ድሬዳዋ ሲደርሱ የፍሬኑን ሸራ አውጥተው ይዩት፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ ሸራውን ሳይቀይሩ ብስክሌቱን አያስቀምጡት።